ልጅ ያቦካው ለእራት ይብቃ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ ሊጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክር ባላስፈለገው ነበር፤ የልጅ ክንድ ደካማ ነውና። ነገር ግን እኛ ይህን ቃል ከቡሃቃው አውጥተን በልጅ አሳብ፣ በልጅ ንግግርና በልጅ ሥራ ላይ ሁሉ ሕግ አድርገን ተክለነዋል። ከዚህም የተነሣ ልጆቻችን አንድ ነገር በራሳቸው እጅ ጀምረው በራሳቸው እጅ ሳይፈጽሙ ያድጋሉ። ዕድል የቀናቸውም እንደ እኛ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። እዚህም መምህሩ «ጥያቄ ያለው አለ ወይ?» ሲል አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ይደፋል። ይህ ዝምታ ላይ ላዩን ሲያዩት ጨዋነት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ከሕፃንነት ጀምሮ ያጠናነው ፍርሃት ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች አቅም ያለው ወላጅ ሁሉ ልጁን ከመደበኛው ትምህርት ሌላ አንድ ነገር ለማስተማር ይጣደፋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ አስጠኚ ይቀጠራል፤ ቅዳሜ ጧት ፒያኖ፣ ከሰዓት በኋላ ዋና፤ እሑድ ቼዝ ወይም አባከስ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እንግሊዝኛና ኮምፒዩተር። ልጁ ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ደጃፍ ሲመላለስ እንደ ፖስታ ቤት ጥቅል በየደረሰበት ማኅተም ይመታበታል እንጂ፣ በውስጡ ምን እንደ ተጨመረ የሚጠይቅ የለም።

«ይህ የወላጆች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። በጣም ያገባናል እንጂ! ከመካከላችን ስንቱ ነው የሳሙናና የፎቶ ኮፒ ገንዘቡን የሰው ልጅ በማስጠናት የሚያገኘው? ስንቱስ ነው ክረምት በመጣ ቁጥር በበጎ ፈቃድ ሕፃናትን ለማስተማር ወደ ትውልድ መንደሩ የሚሄደው? በዚህ ገበያ ውስጥ ነጋዴዎቹ እኛ ነን። ሻጩ ለዕቃው ጥራት ካልተጨነቀ ገዢው ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችላል? ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም፥ ለልጅ የሚመረጥ ተግባር ሁሉ በክፍያው፣ በስሙ ወይም በምስክር ወረቀቱ ሳይሆን «ልጁ ራሱ ምን ሠራ? ማንስ ሰማው?» በሚል ጥያቄ ይመዘን የሚል ነው።

ወላጆችን ለመውቀስ አልቸኩልም። ፈተናው አስፈርቷቸዋል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆኑ። ይህን የሰማች እናት ለአንደኛ ክፍል ልጇ አስጠኚ ብትፈልግ ምን ይፈረድባታል? ይሁን እንጂ ጎርፉን የምናየው ከታች ሆነን ነው፤ ምንጩ ከላይ ነው። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ውስጥ ከሦስቱ አንዱ ያህል፣ በራሱ የትምህርት ቋንቋ ከቀረበለት አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻለም። ፊደሉን ሳይጨብጥ ክፍል የተሻገረ ልጅ በየዓመቱ ከማይገባው መጽሐፍ ፊት ይቀመጣል። ከመማሩ ይልቅ አለመቻሉን ያጠናል። ልበ ሙሉነቱ የሚሰበረው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይሆን ያኔ ነው።

እንግዲህ ለዚህ በሽታ የምንሰጠው መድኃኒት ምን ዓይነት ነው? ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ።

አንደኛው ትምህርት ቤቱን ቤት ውስጥ መድገም ነው። አስጠኚው ይመጣል፤ የቤት ሥራውን ደብተር ይከፍታል፤ እርሳሱን ይቀበላል፤ ሠርቶ ያሳያል፤ ልጁ ይገለብጣል። በማግሥቱ አሥር ከአሥር ይመጣል፤ ወላጅ ደስ ይለዋል፤ አስጠኚውም ደመወዙን ይቀበላል። ከሦስቱ የከሰረው ልጁ ብቻ ነው። ምክንያቱም በየምሽቱ የተማረው «አንተ ብቻህን አትችልም፤ የሚችልልህ ሰው አለ» የሚለውን ነው። ይህ የቁጥር ትምህርት አይደለም፤ የጥገኝነት ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ተግባር ማብዛትና ለሌላ ነገር መወጣጫ ማድረግ ነው። ቼዝ የሚማረው ሒሳብ እንዲሻሻልለት፣ ሙዚቃ የሚማረው አእምሮው እንዲሰላ ነው ይባላል። ጆቫኒ ሳላና ፈርናንድ ጎቤ የተባሉ ተመራማሪዎች ግን ስለ ቼዝና ስለ ሙዚቃ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሳዩት፣ አንዱን ሙያ መማር ከእርሱ በጣም የራቀውን ሌላ ችሎታ ያሳድጋል ለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም። ይህ ማለት ሙዚቃና ቼዝ ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። ክራር የሚማር ልጅ ክራር ያውቃል፤ ቼዝ የሚማርም ቼዝ ያውቃል፤ ይህም በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሒሳብ የጎደለውን ልጅ ሒሳብ እናስተምረው፤ ሙዚቃ የወደደውንም ሙዚቃን ስለ ሙዚቃነቱ እናስተምረው።

ስለ ምስክር ወረቀትም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ሥዕል መሳል የሚወዱ ሕፃናትን አጠና። ለአንዳንዶቹ «ከሳላችሁ የወርቅ ኮከብና ሪባን ያለበት ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ፤ ለሌሎቹ ምንም ቃል አልተገባም። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሕፃናቱ እንደ ልባቸው እንዲጫወቱ ሲተዉ፣ ሽልማት ተስፋ ተሰጥቷቸው የነበሩት ከሌሎቹ ይልቅ ለሥዕል ያላቸው ፍላጎት ቀንሶ ተገኘ። ደስታው ከእጃቸው ወጥቶ ወደ ወረቀቱ ተዛውሮ ነበርና። በየአዳራሹ ካባ እያለበስን የምናስመርቃቸውን የአምስት ዓመት ሕፃናት ሳይ ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል።

እስካሁን ስሕተቱን ቈጠርን፤ ከዚህ በኋላ የመምረጫውን መለኪያ እንፈልግ። መለኪያውን ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። የጎጃምን ወይም የጎንደርን የቅኔ ቤት እናስታውስ። ተማሪው ቀን ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቈጥራል። ማንም አይቈጥርለትም። ከዚያም መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያዳምጣል፤ የጎደለውን ያርማል፤ የጠመመውን ያቃናል። ተማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ ገና በመጀመሪያው ቀን በመወድስ አይጀምርም። ታላቁም ታናሹን ያስቀጽላል። በወሎ የቁርአን ቤቶችም ልጁ በእንጨት ሎሕ ላይ የጻፈውን ለሼሁ አንብቦ ሲያበቃ ሎሑ ይታጠብና የሚቀጥለው ይጻፍለታል። ያለፈውን ሳይዝ ወደሚመጣው አይሻገርም። በነዚህ ቤቶች ረሃቡና አለንጋው ይቅር፤ የሚወደስም አይደለም። ጥበባቸው ግን ሊወረስ የሚገባው ነው።

ከዚህ ጥበብ ሦስት መለኪያዎች እናወጣለን። አንደኛ፥ ልጁ በራሱ እጅ የሚሠራው ነገር አለ ወይ? ሁለተኛ፥ ሥራው ካለበት ደረጃ አንድ እርምጃ ብቻ ከፍ ያለ ነው ወይ? በጣም ከቀለለ ያሰለቻል፤ በጣም ከከበደ ያሳፍራል። ሦስተኛ፥ ሥራውን አክብሮ የሚሰማና ሳያዋርድ የሚያርም ሰው አለ ወይ? ሦስቱ የተሟሉበት ተግባር፣ የጓሮ አትክልት መኰትኰትም ቢሆን፣ ለልጁ ዕውቀትም ድፍረትም ይሰጠዋል። ሦስቱ የጐደሉበት ግን፣ በፒያኖም ቢሆን፣ ጊዜ መግደያ ነው። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ያስተማረው ከዚህ ጋር ይስማማል፤ የሰው በራሱ መታመን ከሁሉ በላይ የሚጸናው በምስጋና ብዛት ሳይሆን ከባድ መስሎት የነበረውን ነገር ራሱ ሠርቶ ሲያየው ነው።

ምስጋናም ቢሆን ዓይነት አለው። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ «እንዴት ጐበዝ አእምሮ አለህ!» እየተባሉ የተመሰገኑ ልጆች ከበድ ያለ ጥያቄ ሲገጥማቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ስለ ጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ጸንተው ታገሉ። «አንበሳ ነህ» የተባለ ልጅ አንበሳነቱን እንዳያጣ ከባዱን ነገር ይሸሻል። «ሦስት ጊዜ ሞክረህ አገኘኸው» የተባለ ልጅ ግን አራተኛውን ይሞክራል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው «ይህ ሁሉ የሀብታም ልጆች ወግ ነው፤ የድኻ ልጅ ምን ሊመርጥ?» የሚል ነው። የድኻው ልጅ እኮ ሳንመርጥለት ቀድሞ መርጧል! ከወዳደቀ ሽቦ መኪና ሠርቶ፣ ቆርኪ ጎማ አድርጎለት፣ መሪ ቀጥሎለት ሲነዳ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ? ይህ ልጅ ለክቶ፣ ቈርጦ፣ አጥፎ፣ ተሳስቶ፣ አርሞ የፈጸመ መሐንዲስ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንዴት ሠራኸው? እስቲ አስረዳኝ» ብሎ የሚጠይቀው ታላቅ። ገበጣ መሬትና ጠጠር እንጂ ክፍያ አይፈልግም፤ ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስብ ልጅ ግን ሒሳብ እየሠራ ነው። እንቆቅልሽ ደግሞ ሁለት ልጆችን ፊት ለፊት አቁሞ ጠያቂም መላሽም ያደርጋቸዋል፤ ያላወቀውም አገር ሰጥቶ ይስቃል እንጂ አያፍርም። አለማወቅ የማያሳፍርበት ክፍል ከዚህ ሌላ የት አየን?

መጽሐፍም ቢሆን መንገድ አይታጣለትም። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት መጻሕፍት ቤት ሲሠሩ ኖረው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በአዋሳ መጻሕፍትን በአህያ የሚጐተት ጋሪ ላይ ጭነው ወደ ልጆች ወሰዱ። አህያ ከጤፍና ከከሰል ሌላ ተረት መሸከም ትችላለች ብሎ ያሰበ ሰው የድኻ ልጅ ምርጫ የለውም ሲባል አይሰማም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ፈተናው እየመጣ በጨዋታ ጊዜ እናጥፋ?» የሚል ነው። እኔ ማስጠናት ይቅር አላልኩም። ማንበብ ላልቻለ ልጅ ከሁሉ የሚቀድመው ምርጫ ንባብ ነው፤ ከዚያ በፊት ፒያኖም ቼዝም ቢቈይ ይሻላል። ማስጠናቱ ግን በአግባቡ ይሁን። ለዚህም የሕንድ አገር ምሳሌ አለ። በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፉ የአካባቢው ወጣት ሴቶች፣ ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ያህል በትንሽ ቡድን እየሰበሰቡ ንባብና ሒሳብ ከመሠረቱ እንዲያስተምሩ ተደረገ። አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት የልጆቹ ውጤት በግልጽ እንደ ተሻሻለ አረጋገጡ። ምሥጢሩ የመምህራኑ ዲግሪ አልነበረም፤ ልጁን የክፍሉ ቁጥር ካለበት ሳይሆን ራሱ ካለበት ቦታ መጀመራቸው ነበር። እነርሱ ይህን ካደረጉ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምን ያንሰናል?

በሁለቱም መንገድ ግን የልጁን ፈቃድ መጠየቅ አይዘንጋ። ዋና የሚፈራ ልጅን አባቱ በልጅነቱ ስላልዋኘ ብቻ ውኃ ውስጥ መጣል የአባትን ቍጭት ማስታመም ነው። ሁለት ሦስት ነገር ቀምሶ አንዱን ይምረጥ፤ ከመረጠም በኋላ ገና በመጀመሪያው ችግር እንዳይጥለው እስከ ክረምቱ መጨረሻ ይበረታታ። የሚያርፍበትና ያለ አዛዥ የሚጫወትበት ሰዓትም ይተውለት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን ከመብት ቈጥሯቸዋል።

ስለ ሴት ልጆች ለይቼ መናገር ይኖርብኛል። ወንድሟ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ኳስ ሲያባርር እርስዋ ታናናሾቿን ትጠብቃለች፤ ውኃ ትቀዳለች፤ ቡና ታፈላለች። «ተግባሩ ለሁሉም ክፍት ነው» ብለን በአሥራ አንድ ሰዓት ብንቀጥረው ለእርስዋ ተዘጋ ማለት ነው። ሰዓቱን የምንመርጠው የእርስዋን ሥራ አይተን፣ ከእናቷም ጋር ተነጋግረን ይሁን። ወንድሟም ቢሆን አንድ እንስራ ውኃ ቢቀዳ የሚሰበርበት አጥንት የለም። እኅቶቻችን ተማሪዎችም አስተማሪ ሆነው ይምጡ፤ አንዲት ልጅ የሒሳብ ጥያቄ የምትፈታ ታላቅ እኅት ፊቷ ቆማ ስታይ ብዙ ስብከት ይቀራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የገዛ ቋንቋችንን ማረም ነው። «ደፋር!» ብለን እንሳደባለን። ጥያቄ ያበዛውን «አፈኛ»፣ ቀና ብሎ ያየውን «ዓይን አውጣ» እንለዋለን። ዝም ያለው ግን «ጨዋ ልጅ» ይባላል። እንዲህ አድርገን አሳድገን ሲያበቃ በራሱ የሚታመን ዜጋ ከየት ይመጣል? ታላቅን ማክበርና ታላቅን መጠየቅ አይጣሉም። ልጁ «አልገባኝም» ለማለት ከደፈረ ትምህርቱ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወሬው እዚህ ይብቃና ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፥ በማስጠናት የምንተዳደር ሁሉ አንድ ስምምነት ይኑረን። የልጅን የቤት ሥራ በእጃችን አንሠራም፤ እርሳሱ ከልጁ እጅ አይወጣም። በየወሩ ለወላጅ የምንነግረው ያመጣውን ማርክ ብቻ ሳይሆን ያለ እኛ መሥራት የቻለውን ይሁን። ይህ ኪሳችንን እንደሚነካ አውቃለሁ፤ ጥሩ አስጠኚ ማለት የራሱን እንጀራ የሚያሳጥር ሰው ነውና። ነገር ግን ልጁን እንደ ጡት አልጥለው ለዓመታት የምንቀለብበት ከሆነ ሥራችን ከማስጠናት ይልቅ ከአራጣ ይቀርባል።

ሁለተኛ፥ በሚመጣው ክረምት ለበጎ ፈቃድ የምንሄድ ሁሉ የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ከገጽ አንድ ከመጀመራችን በፊት እያንዳንዱን ልጅ አንድ አንቀጽ እናስነብበው። ቡድኑንም በክፍል ሳይሆን በሚችለው ልክ እናድርግ። ግማሹ ጊዜ ለንባብና ለሒሳብ፣ የቀረው ልጆቹ ራሳቸው ለመረጡት ሥራ ይዋል፤ ለሽቦ መኪና፣ ለገበጣ፣ ለሥዕል፣ ለተረት።

ሦስተኛ፥ ክረምቱ ሲያበቃ የልጆች ቀን ይደረግ። ወላጆች ይቀመጡ፤ ልጆቹ ይቁሙ። አንዱ ያነበበውን ይተርክ፤ አንዷ የሠራችውን ታስረዳ፤ ሌላው እንቆቅልሽ ጠይቆ ከአባቱ አገር ይቀበል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚባል ሽልማት አይኑር። ለእኛም እንዲሁ፤ ወደ ሕፃናቱ የምንሄደው የበጎ ፈቃድ ሰርቲፊኬት ለመሰብሰብ ከሆነ በወርቅ ኮከብ ከተታለሉት ሕፃናት በምን እንለያለን?

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር የያኔዎቹ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ክፍለ ሀገር ይሄዱ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። ከእኛ የሚጠየቀው ዓመት አይደለም፤ ሁለት የክረምት ወራትና እርሳሱን ያለመቀማት ትዕግሥት ነው። ቡሃቃውን ለልጁ እንስጠው። መጀመሪያ ላይ ይቀጥንበታል፤ ዱቄትም ይደፋል፤ እጁም ልብሱም ሊጥ ይሆናል። እኛ አጠገቡ ቆመን «ትንሽ ዱቄት ጨምር» እንበለው እንጂ እጃችንን አንክተት። ሲያበቃም ጋግረን አብረነው እንብላ።